የአቡጀዲ መውረጃ

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለጁማና ኡበይድ
ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ የያዝሽውን ሁሉ ያቅናልሽ። እኔም እናትሽም በሕይወት አለን። ሰላምታዋን ተቀበይ።

መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት መሰንበቱን ከሬዲዮ ሰምተሽ ይሆናል። እኔ የምጽፍልሽ ግን ስለ አቡጀዲ ነው። ድመትሽ ከሰሞኑ እኛ ጋ ቤት ናት። አባትሽ፣ አላህ ይማረውና፣ ሱቁ ውስጥ ከአቡጀዲ ጣቃ መሀል ተሸጉጣ ባገኛት ቀን አንቺ ሁለተኛ ክፍል ነበርሽ፤ እንግዲህ ዕድሜዋን አስይው። ነጭነቷ ያው ነው፤ የኋላ እግሮቿ ግን ደክመዋል። ጠዋት ተነስታ ቁም ሣጥኑ ሥር ትቀመጥና ወደ ላይ ታያለች። ትዘላለች፤ ግማሽ ሳትደርስ ትወድቃለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ግድግዳ ስታይ ትውላለች። የምትወደውን ሳንባ ከትፌ ሳቀርብላት አሽትታ ትተወዋለች። እንዲህ ከቀጠለች ብዙ የምትቆይ አይመስለኝም።

ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ከምትሠሪበት የእንስሳት ክሊኒክ ሆነሽ፣ እዚህ አገር ድመት የራሷ ዛፍ ይሠራላታል ብለሽ ጽፈሽልን ነበር። ያን ጊዜ ስቀን አለፍነው። አሁን እሱን ልሠራ ነው! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መጋዜ ዝጓል፤ እጄ ግን አልዛገም። የእጅ ሥራ ሳስተምር ስንት ወንበርና ስንት መደርደሪያ ከክፍሌ እንደወጣ አንቺም ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ሥዕሉን ላኪልኝ። የግንዱን ቁመትና ውፍረት፣ የደረጃዎቹን ስፋት፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ የመሠረቱን ክብደት፣ ሁሉንም በልኩ። «በግምት» የሚል ቃል ካገኘሁበት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስልሻለሁ።

ኢንተርኔቱ እንደምታውቂው ነው፤ ልኬት ደግሞ በስልክ አይነገርም። ነጋዴዋ አሪጅ በሻርጃና በሰበታ መካከል በተመላለሰች ቁጥር ፖስታ ቤታችን ትሁን።

አጎትሽ
አብዱረዛቅ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ አብዱረዛቅ

የአላህ ሰላም እርስዎንም ቤቱንም ይጠብቅ። ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ።

ጋሼ! ደብዳቤዎን ክሊኒኩ መሀል ቆሜ ሳነብ ጮህኩ። ዶክተሯ ደንግጣ ሮጣ መጣች። «አጎቴ ለድመቴ ዛፍ ሊሠራላት ነው!» አልኳት።

«አናጢ ነው?»

«አይደለም፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብና የእጅ ሥራ አስተማሪ ነው።»

«እንግዲያው ከፋብሪካው የተሻለ ይሠራዋል» አለችና ራሷ ሜትር ይዛ መጥታ እንግዳ መቀበያው ያለውን ዛፍ ለካችልኝ። ሥዕሉ ከዚህ ጋር አለ። «በግምት» የሚል የለበትም፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ዶክተሯ ያለችኝን ልንገርዎት። ያረጀች ድመት ከፍታ አያስፈልጋትም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ድመት ከላይ ሆና ሰዉን ካላየች ቤቱ የሷ አይመስላትም። ስታረጅ መቀየር ያለበት የደረጃው ርቀት ነው፤ ይቀራረብላት። የምትረግጠው ሰፊ ይሁን፤ አያንሸራትት። መሠረቱ ከባድ ይሁን፤ አንዴ ከተነቃነቀባት ሁለተኛ አትረግጠውም። ግንዱ ላይ የቃጫ ገመድ ይጠምጠም፤ ጥፍሯን ትስልበታለች። ከላይ ስትቀመጥ ደግሞ የሚታይ ነገር ይኑራት፤ በር፣ መስኮት፣ ወይ ሰው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አቡጀዲ ቤት ምን ታደርጋለች? እሷ እኮ ከሱቁ ውጭ አድራ አታውቅም። አባቴ የሞተ ጊዜ ቤት ስናመጣት በነጋታው ሱቁ በር ላይ አገኘናት፤ ከላይኛው መደርደሪያዋ ማን አወረዳት? እማዬን በስልክ ስጠይቃት «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብላ ትዘጋብኛለች። ድሮ የጨርቁን ወሬ፣ የደንበኛውን ወሬ አውርታ አትጠግብም ነበር። ብር ያስፈልጋችኋል? ልላክ? ይንገሩኝ ብቻ።

የእርስዎው
ጁማና


ሰበታ፣ ጥር 1 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለጁማና

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሩቅ የሚያስብልን ልብሽን አላህ አያሳዝነው። መልሴ የዘገየው አሪጅ መንገዱ ተዘግቶባት ሰበታ መግባት አቅቷት ዓለም ገና ላይ ሰንብታ ስለነበር ነው።

ሥዕሉ ግሩም ነው! ዶክተሯን ከክፍሌ ተማሪዎች ጋር ደምሬ ሙሉ ማርክ ሰጥቻታለሁ። ከአንቺ ግን ግማሽ ማርክ ቀንሻለሁ፤ የመሠረቱን ውፍረት ረስተሻል።

እንደ ልማዴ መጀመሪያ ከሳሙና ካርቶን ትንሽ ሞዴል ሠራሁ። ካርቶኑ የቆመለት ሰው ጣውላ አያባክንም ብዬ ስንቱን ተማሪ አሰልችቻለሁ። ቦሰና፣ ከጀርባችን የተከራየችው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሞዴሉን አይታ «ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የአቡጀዲ ቤት።»

«ባለ አራት ፎቅ! እኔና ዘርሁን በአንዲት ክፍል ተጣበን፣ ለድመት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላት?» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ባሏ ዘርሁን ግን ቁም ነገረኛ ነው። የግንባታ ሠራተኛ ስለሆነ ከሥራ ሲመለስ ውሃ ልኩን አምጥቶ አዋሰኝ። «ጋሼ፣ ጌታ ይስጥዎት እንጂ እኔ ፎቅ ስሠራ እንዲህ የሚለካ መሐንዲስ አላየሁም» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም።

ግንዱ ከፉሪ መጣ። ኦቦ ነገሳን ታስታውሺዋለሽ፤ ልጆቹን ሁሉ ስላስተማርኩ እስከ ዛሬ «በርሲሳ»፣ አስተማሪው፣ እያለ ነው የሚጠራኝ። ደህና የጥድ ግንድ እንዳለው ሰምቼ በእግሬ ወጣሁ። ምን ልትሠራበት ነው ቢለኝ ነገርኩት። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ነይ ስሚ! በርሲሳ ለአዱሬ ሙካ ሊተክል ነው!» አለ። አጥር ላይ የነበሩት ሁሉ፣ ለድመት ዛፍ ሲባል ሰምተው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ለቤት ማዕዘን ያቆየሁት ነው። መሬቱን ማስተር ፕላኑ ይወስደዋል እየተባለ ምን ቤት እሠራለሁ? ፕላኑ ከሚወስደው ድመቷ ትውሰደው» ብሎ በአህያ ጭኖ አወረደልኝ። ዋጋ ብጠይቀው ተቆጣ።

የቃጫ ገመዱ ከሱሉልታ ነው። የመጀመሪያው በግ ታስሮበት ኖሮ ሽታው አቡጀዲን አስነጠሳት፤ መለስኩት። ሁለተኛውን አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ደረጃዎቹን ከነበረን ጣውላ ቆረጥኩ፤ በመላጊያ ላግሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልሱ አሸሁ። መሠረቱን ዘርሁን ኮንክሪት ሞላበት። እኔና እሱ ተጋግዘን ብንገፋው ንቅንቅ አላለም!

አሁን ዋናው። ዛሬ ጠዋት መስኮቱ ሥር አቆምነው። አቡጀዲ ከአልጋ ሥር ወጣች። ዞረችው። ገመዱን አሸተተች። ጥፍሯን ሰክታ ጎተተች፣ ያ የምታውቂው ቅርርርት የሚል ድምፅ ተሰማ። አንደኛው ደረጃ ላይ እግሯን አኖረች። ሁለተኛው። ቦሰና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሦስተኛው። ጁማና፣ ወጣች! እላይ ደርሳ በመስኮቱ መንገዱን አየች! ዘርሁን «ሃሌ ሉያ» አለ፣ እኔ «አላሁ አክበር» አልኩ፤ እናትሽ ከበሩ ሆና አየቻትና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ፎቶውን አሪጅ በስልኳ አንስታ አሳጥባዋለች። ስለ ሱቁ የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ፤ መንገዱ ሲረጋጋ እንነጋገርበታለን። ብር አትላኪ።

አጎትሽ
አብዱረዛቅ


ሻርጃ፣ ጥር 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሼ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ለእማዬም ለአቡጀዲም፤ ለሳቁባችሁም ለረዷችሁም ሁሉ።

ፎቶውን ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ደንበኞች ከየት ነው የተገዛው ብለው ይጠይቃሉ። ዶክተሯ «አይሸጥም፤ ሰበታ የሚባል አገር ብቻ ነው የሚሠራው» ትላቸዋለች። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ማታ ፎቶውን አውርጄ ቤት ወሰድኩትና ቀረብ አድርጌ አየሁት።

ጋሼ፣ የላይኛው ደረጃ አረንጓዴ ነው። ጠርዙ ላይ ሁለት የናስ ሚስማሮች አሉ። ከአንዱ እስከ ሌላው ግማሽ ሜትር ነው፤ አባቴ ጨርቅ የሚለካባቸው ናቸው። እኔ ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ በጣቴ ስነካካቸው አድጌአለሁ። የአባቴን ባንኮኒ ለድመት ማን ቆረጠው? እማዬ እንዴት ፈቀደች? ሱቁስ ያለ ባንኮኒ በምን ይሸጣል?

ሴንቲሜትሩን ሁሉ ነገሩኝ፤ ሱቁ ምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። እየተቆጣሁ አይደለም፣ ጋሼ። እየተቆጣሁም ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፎቶውን ለዶክተሯ መልሼ አሳየኋት። አቡጀዲ ከላይ ሆና ሆዷን ጣውላው ላይ ለጥፋ፣ ጅራቷን ጠቅልላ ነው ያለችው። «ይቺ የተደሰተች ድመት አይደለችም፤ የፈራች ናት» አለችኝ። «ራሷ ትወርዳለች ወይ ብለሽ ጠይቂ።» እኔም ይኸው ጠየቅኩ። ትወርዳለች?

ጁማና


ሰበታ፣ የካቲት 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለጁማና

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፤ ለእኔም ቃሉን ያቅናልኝ።

አትወርድም።

ያን ቀን ደብዳቤውን ለአሪጅ ከሰጠሁ በኋላ አቡጀዲ እላይ ሆና ጮኸች። ድምፅዋ ድመት ድመት አይልም ነበር። አንስቼ አወረድኳት። በነጋታው ወጣች፣ ጮኸች፣ አወረድኳት። ከዚያ ወዲህ ዛፉን ዞር ብላም አላየችው። ሳንባውንም እንደገና ተወችው። አንቺ ስትጠይቂኝ እኔ መልሱን ሳውቀው ሰንብቻለሁ።

አሁን ሱቁን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት በነበረው ሳምንት መንገድ ዳር የሚነድ ጎማ ነበር። ንፋስ ተነሣና እሳቱ ወደ ሱቆቹ ተሻገረ። ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ። ጨርቁ ግን አብዛኛው ሄደ፤ ከጥቂት ጣቃ በቀር ያልነደደውንም ጢሱ ጨረሰው። መደርደሪያዎቹም ሄዱ። ሰፈሩ በሙሉ ነው በባልዲ የተረባረበው፤ ኦቦ ነገሳ ራሱ ለገበያ በመጣበት ኮቱን አውልቆ ሲያጠፋ ነበር። ከዕቃው የተረፈው ባንኮኒው ነው፤ እሱም ግማሹ። አቡጀዲ እሳቱን ሽሽት ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣች፤ ከዚያ መውረድ አልቻለችም። ያ ጩኸቷ ያኔ የሰማነው ነው። ዘርሁን እርጥብ ጆንያ ተከናንቦ ገብቶ አወረዳት። ሽንብራ የሚያህል ጠባሳ እጁ ላይ አለ፤ ከጥፍሯ ነው።

እናትሽ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያ አልሄደችም። ባንኮኒውን ቆርጬ ደረጃ ላድርገው ስላት «የፈለጉትን ያድርጉት» አለች። ለአንቺ እንዳልነግርም ያስማለችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ብቻ፣ አቡጀዲን እያየች እንዲህ አለች፦ «የኡበይድ ሱቅ ማለት አሁን እሷ ናት። እሷ ካለፈች ቦታውን ለሌላ ሰው እለቅቃለሁ።» ለዚህ ነው በጣውላው የተጣደፍኩት። መሐላዬን ዛሬ አፍርሻለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ኦቦ ነገሳ ትናንት መጥቶ ነበር። ፕላኑ ቀርቷል መባሉን ሰምቶ ደስ ብሎታል። ገና ከበር «በርሲሳ፣ ፕላኑ ቀረ፤ በል ግንዴን መልስ!» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ቀልዱን ተወ። የሆነውን ነገርኩት። ዛፉን ከላይ እስከ ታች አየና «ፉሪን ስትወጣ ነው ስትወርድ ነው ጉልበትህን የሚያምህ?» አለኝ።

«ስትወርድ።»

«ታዲያ መውረጃው የታለ?»

ጁማና፣ ተማሪዎቼን ሁሉ «ደምራችሁ ስትጨርሱ ቀንሳችሁ አመሳክሩ» እያልኩ ነው ያስተማርኩት። ይህን ዛፍ ከታች ወደ ላይ በሴንቲሜትር ደመርኩት። ከላይ ወደ ታች ግን አንዴም አላመሳከርኩትም! ሥዕሉ ለወጣት ድመት ነው፤ ወጣት ድመት ዘልላ ትወርዳለች። አርጅታ፣ እግሯን አሟት፣ በእሳት የደነገጠች ድመት በምን ትወርዳለች?

እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ዶክተሯን መውረጃውን ጠይቂልኝ። ከእንግዲህ ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ፤ እኔም የሆነውን ሁሉ እነግርሻለሁ።

አጎትሽ
አብዱረዛቅ


ሻርጃ፣ የካቲት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሼ

አላህ ዘርሁንን ይጠብቀው። እጁን ይሳሙልኝ።

አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ አሁን ወደ ሥራ። አሪጅ ነገ ትበራለች።

ከላይኛው ደረጃ ጀምሮ እስከ መሬት ጋደል ያለ ጣውላ ያድርጉላት፤ እንደ ዶሮ መውጫ። ቁልቁለቱ ቀስ ያለ ይሁን። በየመሀሉ ለእግሯ መቆንጠጫ ቀጭን እንጨት ይመታበት። ላዩ ይሸፈን፤ ጥፍሯ የሚይዘው ነገር ይሁን። እሷ የምታውቀው ሽታ ያለው ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው ብላለች ዶክተሯ። ዋናው ነገር፣ ከእንግዲህ አንስተው አያውርዷት፤ ብትጮህም። ሳንባውን ቁልቁለቱ ላይ ከቦታ ቦታ ያኑሩና ይራቁ።

ብር ልላክ ወይ ብዬ መጠየቁን ትቻለሁ። እማዬ የምትፈልገውን ራሷ ስትነግረኝ ብቻ እልካለሁ። ባንኮኒውን ስለቆረጡት አልተቀየምኩም። የአባቴ ሚስማሮች ከላይ ናቸው፤ ጥሩ ቦታ ነው።

ጁማና


ሰበታ፣ መጋቢት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለጁማና

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ! ዛሬ ሰላምታውን ሳላሳጥር ነው፤ ደስ ብሎኛልና።

ካርቶኑን እንደገና ቆረጥኩ። ዘርሁን ከቡራዩ ሥራ ቦታው ረጅም ጣውላ ለምኖ ተሸክሞ መጣ። ቁልቁለቱን ስንት ጊዜ እንደቀየርኩት አልነግርሽም፤ ትስቂብኛለሽ። ቦሰና «ጋሼ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ አረዘምኩት። መቆንጠጫዎቹን መታሁ፤ ውሃ ልኩ እንኳ ተደናግሮ ነበር፤ ሲፈጠር ለጠፍጣፋ ነገር ነዋ።

የሚሸፈንበት ጨርቅ ቀረ። የምታውቀው ሽታ ካልሽኝ ጀምሮ እያሰብኩ ነበር። ግቢው መሀል ቆሜ «ምን ባለብሰው?» እያልኩ ለራሴ ሳወራ እናትሽ ሰማችኝ። ነጠላዋን ደረበችና ወጣች። ስትመለስ ብብቷ ሥር ጣቃ ይዛለች፤ ዳሩ የጠቆረ አቡጀዲ። ከሱቁ ነው ያመጣችው፣ ጁማና! ሄዳ ነው፣ ብቻዋን! ሜትሬን ላቀብላት እጄን ስዘረጋ «ይያዙት» አለችና በክንዷ ለካችው። መቀሱ እጇ ላይ ነበር። ጨርቁን ዘርግታ፣ ወጥራ፣ እኔ ሚስማር ስመታ እሷ ጫፉን ያዘች።

አቡጀዲ ጨርቁን ገና ስናነጥፍ ከአልጋ ሥር ወጥታ አፍንጫዋን ቀበረችበት። ከዚያ በደረጃው ወጣች። እላይ ሆና ጮኸች። እጄ ተነሥቶ ነበር፤ እናትሽ ያዘችኝ። «ይተዉአት፤ ትየው» አለች። አየችው። አንድ እግር አስቀመጠች፣ መለሰች። ሳንባውን አየች። ሁለት እግር አስቀመጠች። ከዚያ እንደ እመቤት፣ ቂጧን እያወዛወዘች፣ በየመሀሉ እየቆመች፣ ሳንባዋን እየበላች ወረደች! መሬት ደርሳ ዞር አለችና እንደገና ወጣች። እንደገና ወረደች። ተማሪ እንዲህ ሲደጋግም ገብቶታል ማለት ነው።

ቦሰና እልል ስትል የሰፈሩ ሰው ምን ተገኘ ብሎ መጣ። እናትሽ ሳቀች። ድምፁን ረስቼው ነበር።

በማግስቱ ሌላ ነገር አዘዘችኝ። «ይኼን ዛፍ ሱቅ እንውሰደው።» ሱቁ ተጠርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ከተረፉት ጣቃዎች በቀር ባዶውን ነበር፤ ሰፈሩ ነው ያጸዳው። መደርደሪያ ግን የለም። ዛፉን በጋሪ ጫንን። ዘርሁን ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ አቡጀዲ በካርቶን እናትሽ እቅፍ። በመንገዱ የሚያየን ሁሉ «ምንድን ነው?» ይላል፤ ኦቦ ነገሳም ከገበያ ሲመለስ አግኝቶን «ሙካ አዱሬ! የኔ ግንድ ነው!» እያለ አብሮን ሄደ።

በሩ ትይዩ አቆምነው። አቡጀዲ ባባትሽ ሚስማሮች ላይ ተጋድማ መንገዱን ታያለች። የታችኞቹ ሦስት ደረጃዎች ላይ እናትሽ የተረፉትን ጣቃዎች ደረደረች። ለጊዜው የኡበይድ ሱቅ መደርደሪያ እሱ ነው! ሰዉ ድመቷን ሊያይ ይገባል፤ ጨርቅ ይዞ ይወጣል። አንዷ ደንበኛ «ዋጋ የምትቆርጠው እላይ ያለችዋ ናት?» ብትላት እናትሽ ምን አለቻት፦ «እሷ ዱቤ አትሰጥም።»

መሐላዬን ማፍረሴንም ነግሬያታለሁ። እስኪ እስክሪብቶውን ያንሱ፣ የምለውን ብቻ ይጻፉ፣ አንድ ቃል እንዳይጨምሩ አለችኝ። እንዳለችው ጽፌዋለሁ፦

«ጁማና ልጄ። ጋሼ ሁሉን ነግረውሻል አሉ፤ ጥሩ አደረጉ። አሁን ብር ላኪልኝ አልልሽም፤ ናሙና ላኪልኝ። ሻርጃ ያሉት ሴቶች ዘንድሮ የሚለብሱትን ጨርቅ ከየዓይነቱ ቁራጭ ቁራጭ አድርገሽ ለአሪጅ ስጫት። ጥቁር እንዳታበዢ፤ ጥቁር እዚህ ሞልቷል። ቀለም ያለው ይሁን። የሚሸበሸብ አልፈልግም፣ የሚለቅም አልፈልግም፤ አጥበሽ ሞክሪው። አባትሽ አጥቦ ሳያይ ገዝቶ አያውቅም። ለረመዳን ፍቺ እንዲደርስልኝ ነው የምፈልገው፤ አትዘግዪ። አቡጀዲ ወፍራለች፤ አሁን ራሷ ወርዳ እግሬ ሥር ተኝታለች። በስልክ ስትደውይ ከእንግዲህ ቶሎ አልዘጋብሽም፤ ሥራ ካልያዝኩ። በቃ፣ ደንበኛ መጣ። ጋሼ፣ እስክሪብቶውን ያስቀምጡና ሜትሩን ያቀብሉኝ።»